ስልካችሁ ላይ ያለ ጌም መረጃችሁን እንዳይሰበስብ እንዴት ትዘጋላችሁ

የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቱ ነው። ስልክ ከተሰጠው ስክሪኑ ላይ ብቅ ያለውን ሁሉ እየነካ ያልፋል፤ ገና ፊደል እየቆጠረ ስለሆነ ምን እንደሚል አያነብም። አንድ ቅዳሜ ቀለም የሚቀባበት ጌም ጫንኩለትና ሲጫወት ዋለ። ማታ ስልኬን ሳየው ጌሙ ሎኬሽኔን፣ ማይኬንና ኮንታክቴን እንዲያይ ተፈቅዶለታል። ዝሆን ቀለም ለመቀባት የእናቴ ስልክ ቁጥር ለምን ያስፈልገዋል? በጣም ተናደድኩ። የዚያኑ ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ያሉኝን ጌሞች አንድ በአንድ አየሁ፣ ከዚያ ወዲህም ዘመድ ቤት በሄድኩ ቁጥር የቤተሰቡን ስልክ እየተቀበልኩ የማደርገው ይህንኑ ነው። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ስልካችሁን አንስታችሁ እያነበባችሁ ሥሩት።

መጀመሪያ ግን የምትዘጉትን ነገር እወቁት። ነፃ ጌም የሚሠራ ሰው በአብዛኛው ገንዘብ የሚያገኘው ከማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያውን ለማሳየት የማስታወቂያ ድርጅቶች ያዘጋጁትን ኮድ ጌሙ ውስጥ ይከታል፤ ኤስዲኬ ይሉታል። አንድ ጌም ውስጥ የብዙ ድርጅት ኮድ ሊኖር ይችላል። ስልካችሁ ደግሞ የማስታወቂያ መለያ ቁጥር አለው፣ አድቨርታይዚንግ አይዲ የሚባል፣ ጌሞቹም የሚያዩት ያንኑ አንድ ቁጥር ነው። ስለዚህ ኮዱ አሥር ጌሞቻችሁ ውስጥ ያለ ድርጅት ስማችሁን ሳይጠይቅ አሥሩንም ገጣጥሞ ስንት ሰዓት ላይ ስልክ እንደምትነኩ፣ ሎኬሽን ከፈቀዳችሁ ደግሞ የት ሰፈር እንደምታድሩ ያውቃል።

ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትገልጡ ባለው ጊዜ ውስጥ የማን ማስታወቂያ ይታያችሁ የሚል ጨረታ ይካሄዳል። የስልካችሁ መረጃ ለብዙ ተጫራቾች ይላካል። ተሸንፎ የወጣውም ቢሆን መረጃውን አይቶታል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ግሬቪ አናሊቲክስ የተባለ የአሜሪካ የሎኬሽን መረጃ ነጋዴ በሃከሮች ተሰብሮ ፋይሎቹ ሲወጡ በሺዎች የሚቆጠሩ አፖች ስም ተገኝቶባቸዋል፤ ካንዲ ክራሽም አንዱ ነበር። መረጃው ከጌሞቹ በቀጥታ የተወሰደ ሳይሆን በዚሁ የማስታወቂያ ጨረታ በኩል የወጣ ነው የሚመስለው።

1. ፈቃዶችን መንጠቅ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ነው። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ግቡ፣ ፕራይቬሲ የሚለውን ክፈቱ፣ ፐርሚሽን ማኔጀር የሚል ታገኛላችሁ። ካጣችሁት ሴቲንግ ውስጥ ባለው መፈለጊያ «ፐርሚሽን» ብላችሁ ፈልጉ፤ ቴክኖና ሳምሰንግ ላይ ቦታው ይለያያል። በጌም ስም አትጀምሩ፣ በፈቃዱ ጀምሩ። እያንዳንዱ ፈቃድ ውስጥ ስትገቡ የተፈቀደላቸው አፖች በሙሉ ተሰልፈው ይታያሉ፣ ከመሃላቸው ጌም የሆነውን መልቀም ነው።

ኤስኤምኤስን አስቀድሙ። የባንካችሁም የቴሌብርም የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በዚያ ነው፣ የሚመጣላችሁን ኮድ የሚያነብ ጌም ደግሞ ምንም ሰበብ የለውም። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ጌም ካያችሁ ፈቃዱን መንጠቅ ብቻ አይበቃም፣ አጥፉት።

ቀጥሎ ኮንታክት። እዚህ ላይ የምታጋልጡት የራሳችሁን ብቻ አይደለም፤ አምነው ቁጥራቸውን የሰጧችሁን ሰዎች ሁሉ ነው። ሁሉንም ጌም ዝጉበት።

ማይክ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ አልፎንሶ የሚባል ድርጅት ሶፍትዌር በጉግል ፕሌይ ላይ ከ250 በላይ ጌሞች ውስጥ እንዳለ ተጋለጠ። ሶፍትዌሩ በማይኩ በኩል ቤት ውስጥ የተከፈተውን የቲቪ ድምፅ እየሰማ ሰዎች ምን ማስታወቂያ እንዳዩ ይለይ ነበር፣ አንዳንዶቹ ጌሞች ደግሞ ለልጆች የተሠሩ ነበሩ። ድርጅቱ የሰው ንግግር አንቀዳም፣ ተጠቃሚዎችም ፈቅደዋል ብሎ ተከራከረ። በእርግጥም ጌሞቹ ፈቃድ ጠይቀዋል፣ ሰዉም ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ፈቅዷል። ስለዚህ በቡድን እየተጫወታችሁ በድምፅ ካላወራችሁ በቀር ማይክን ዝጉ። የምታወሩበት ከሆነ «አፑን ስጠቀም ብቻ» የሚለውን ምረጡ።

ሎኬሽንም እንደዚሁ ነው። እንደ ፖኬሞን ጎ ያለ እየተራመዱ የሚጫወቱት ጌም ካልሆነ የት እንዳላችሁ ማወቅ አያስፈልገውም። ካሜራና ፎቶ፣ ጌሙ በግልጽ የሚጠቀምበት ካልሆነ፣ ዝጉ።

አንድ ተደብቆ የሚቀር ነገር አለ፤ አክሰሲቢሊቲ። ይህ ማየት ለተሳናቸውና መሰል ሰዎች ስልክ መጠቀምን ለማቅለል የተሠራ ትልቅ ሥልጣን ነው፣ የተሰጠው አፕ ስክሪናችሁ ላይ ያለውን ማንበብና በእናንተ ቦታ መጫን ይችላል። የባንክ ሌቦች በጣም የሚወዱት ፈቃድ ነው። ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ ገብታችሁ የተጫኑ አፖች የሚለውን እዩ። ጌም እዚያ ካገኛችሁ ዛሬውኑ አጥፉት፣ ከዚያ የባንክ ፒናችሁን ቀይሩ።

አይፎን የያዛችሁ ደግሞ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ግቡ፣ ፈቃዶቹ እዚያው በየስማቸው ተዘርዝረዋል። ጌሙ ፈቃድ ሲነጠቅ አልሠራም ቢል ያው እሱም መልስ ነው፤ ሌላ ጌም ፈልጉ።

2. የማስታወቂያ መለያውን ማጥፋት

ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ጉግል፣ ከዚያ አድስ፣ «ዲሊት አድቨርታይዚንግ አይዲ» የሚለውን ተጫኑ። አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ላይ ይህን ስታደርጉ አፖቹ በቁጥሩ ፋንታ ዜሮ ብቻ ያያሉ። አይፎን ላይ ፕራይቬሲ ውስጥ ትራኪንግ የሚለውን ገብታችሁ አፖች እንዲጠይቋችሁ የሚፈቅደውን ማብሪያ አጥፉት። ማስታወቂያው መምጣቱ አይቀርም፣ ግን ጌሞቻችሁን እርስ በርስ ማገጣጠሙ ይከብዳቸዋል።

3. በምን ገባችሁ?

ብዙ ጌም ሲከፈት «በፌስቡክ ግባ» ወይም «በጉግል ግባ» ይላል። «እንደ እንግዳ» የሚል ካለ እሱን ምረጡ። ስልክ ስትቀይሩ የደረሳችሁበት ሌቭል ሊጠፋ ይችላል፤ ያ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ለጌም ብቻ የምትጠቀሙበት ሌላ ኢሜይል አውጡ። ፖኬሞን ጎ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 ሲወጣ በአይፎን በጉግል አካውንት የገቡ ሰዎች ሳያውቁት ለአካውንታቸው ሙሉ ፈቃድ ሰጥተው ተገኝተዋል። ድርጅቱ ስህተት ነው ብሎ በቀናት ውስጥ አስተካከለው፣ ከተጠቃሚ መለያና ከኢሜይል በላይ አላየንም አለ። እንደዚያም ሆኖ አንድ «እሺ» ምን ያህል በር እንደሚከፍት ያሳያል።

የድሮዎቹንም ቁረጡ። ፌስቡክ ሴቲንግ ውስጥ «አፕስ ኤንድ ዌብሳይትስ» የሚለውን ክፈቱ፤ ከዓመታት በፊት የተዋችኋቸው ጌሞች ሳይቀሩ እዚያ ሊኖሩ ይችላሉ። ጌሙን ከስልክ ማጥፋት ይህን ግንኙነት አይቆርጠውም። የጉግል አካውንታችሁ ሴኩሪቲ ክፍል ውስጥም እንዲሁ የተገናኙ አፖች ዝርዝር አለ።

4. ጌሙ ከየት መጣ?

ዳታ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ጌም ከጓደኛ በዜንደር የምንቀበለው፣ ከቴሌግራም ቻናል ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) የምናወርደው። ግን «ገንዘቡ የማያልቅ» ወይም «ሁሉም ሌቭል የተከፈተ» ተብሎ የሚታደለው ጌም አንድ ሰው ከፍቶት፣ ነካክቶት መልሶ የዘጋው ነው። ሲነካካ ምን እንደጨመረበት ከውጭ አይታይም። እንደዚህ ያለ ጌም ባንክ ባለበት ስልክ ላይ አትጫኑ። እስካሁን የጫናችሁት ካለ ፕሌይ ስቶር ውስጥ የፕሮፋይል ምስላችሁን ነክታችሁ ፕሌይ ፕሮቴክት የሚለውን ክፈቱና ስካን አድርጉ። ጥርጣሬ ካላችሁ ግን ስካኑን አትጠብቁ፣ አጥፉት።

ፕሌይ ስቶር ላይ ስታወርዱም ከጌሙ ሥር «ዳታ ሴፍቲ» የሚል ክፍል አለ፤ ምን እንደሚሰበስብና ለማን እንደሚሰጥ ይናገራል። የሚሞላው ራሱ የጌሙ ባለቤት ስለሆነ «አልሰበስብም» ቢል ሙሉ በሙሉ አትመኑት፤ «እሰበስባለሁ» ያለውን ግን እመኑት።

5. ልጆች

አሜሪካ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይሰበሰብ የሚከለክል ሕግ አለ። የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስ ይህን ሕግ ጥሰሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ 275 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ትልልቆቹም እንዲህ ካደረጉ ስሙን የማናውቀውን ጌም ማን ያየዋል? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች 5,855 ነፃ የልጆች አንድሮይድ አፖችን መርምረው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕጉን ሳይጥሱ እንዳልቀሩ አግኝተዋል።

እኔ አሁን የማደርገው ይህን ነው። መሳቢያ ውስጥ የነበረ አሮጌ ስልክ አለ፤ ሲም የለውም፣ ባንክ የለበትም፣ ኮንታክት የለበትም። ጌሞቹን ጭኜ ኢንተርኔቱን አጥፍቼ እሰጠዋለሁ። አሮጌ ስልክ ከሌላችሁ ፒን ማድረግን ተጠቀሙ፤ አንድሮይድ ላይ «አፕ ፒኒንግ»፣ አይፎን ላይ «ጋይድድ አክሰስ» ይባላል። ልጁ ከዚያ ጌም ወጥቶ ሌላ ነገር መክፈት አይችልም። ኢንተርኔት ማጥፋት ብቻውን ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም ጌሙ ያጠራቀመውን ኋላ ስትከፍቱት ሊልክ ይችላል። ፈቃዶቹ አስቀድመው መዘጋት አለባቸው።

6. ከሳምንት በኋላ

አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ «ፕራይቬሲ ዳሽቦርድ» ክፈቱ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ማን ማይክ፣ ካሜራና ሎኬሽን እንደነካ ከነሰዓቱ ያሳያል። አይፎን ላይ «አፕ ፕራይቬሲ ሪፖርት» አብሩና ጥቂት ቀን ቆይታችሁ እዩት፤ ጌሙ ከየትኞቹ ድረ ገጾች ጋር ሲያወራ እንደሰነበተ ሁሉ ይዘረዝራል። ስትጫወቱ ደግሞ የስክሪኑን ጫፍ ልብ በሉ። አንድሮይድ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ከበራ ማይክ ወይም ካሜራ እየሠራ ነው፤ አይፎን ላይ ብርቱካናማ ነጥብ ማይክ ነው።

የወሰደውስ?

ጌም ማጥፋት የተወሰደውን አይመልስም። አካውንት ከፍታችሁ ከነበረ ጌሙን ከማጥፋታችሁ በፊት ሴቲንጉ ውስጥ «ዲሊት አካውንት» የሚል ፈልጉ፤ አፕልም ጉግልም አካውንት የሚያስከፍቱ አፖች ይህን እንዲያቀርቡ ያስገድዳሉ። ከሌለ ስቶሩ ላይ የጌሙ ባለቤት ኢሜይል ተጽፏል። አጭር አድርጋችሁ ጻፉ፦ የጌሙን ስም፣ የገባችሁበትን ኢሜይል፣ ያላችሁን መረጃዬን ሁሉ አጥፉና ስትጨርሱ አሳውቁኝ። አውሮፓ የምትኖሩ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው፣ ድርጅቱ በመሠረቱ በአንድ ወር ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። እኛም ጋ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ኮንታክት ከወጣ ግን ከየት ወዴት እንደሄደ መከተል አይቻልም። እኔ ያን ቅዳሜ ማታ ለእናቴ ደወልኩላት። በስሜ ገንዘብ ላኪ የሚል መልእክት ከመጣ መጀመሪያ ደውለሽ ድምፄን ስሚ አልኳት።