ዳገት ያቃታት ባለ ተርቦ መኪናዬ

ያገለገለች ባለ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚልክ መሣሪያ) መኪና ገዝቼ ሁለት ወር ሳይሞላ ዳገት ላይ ጉልበት አጣች። ነዳጅ ስረግጥ «ፍሽሽ» ትላለች፤ መመርመሪያው ፒ0299 የሚል ኮድ አወጣ፤ የተርቦው ግፊት ከሚገባው በታች ነው ማለት ነው። ጋራዡ ተርቦው ይቀየር አለኝ። ዋጋውን ስሰማ እኔም ጉልበት አጣሁ!

ቅዳሜ አየር የሚያፈስ ቦታ እንዳለ ለማየት የአየር ማጣሪያውን ፈታሁና የተርቦውን መግቢያ በክዳን ዘግቼ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ በክዳኑ በኩል ከአንድ ባር ያነሰ አየር በኮምፕሬሰር ሰደድኩ፤ መጋጠሚያዎቹ ላይ ደግሞ የሳሙና ውሃ ረጨሁ። ከኢንተርኩለሩ (ከተርቦው የሚመጣውን ትኩስ አየር ከሚያቀዘቅዘው ክፍል) የሚወጣው የጎማ ቱቦ ከማሰሪያው ሥር አረፋ ደፈቀ። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ የተሰነጠቀው ከታች፣ ዘይት ያራሰው ቦታ ላይ ነበር። ቱቦውንና ማሰሪያውን ቀይሬ ኮዱን አጠፋሁ። እሑድ የእንጦጦን ዳገት ያለ ፉጨት ወጣችው።