በጓሮ ውስጥ ያለውን ዕፀ መሰውር እንዴት ማየት ይቻላል

ዕፀ መሰውር የሚባል ተክል እንዳለ ሲወራ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። የያዘው ሰው ከዓይን ይሰወራል፤ በገበያ መካከል አልፎ ቢሄድ ማንም አያየውም ይባላል። የሚበቅልበትን ቦታ የሚያውቁት አንዳንድ ደብተራዎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም አይናገሩም። ተክሉን ላሳያችሁ አልችልም። የተሰወሩትን ግን ማሳየት ይቻላል፤ አንድ የሎሚ ዛፍና አንድ ጥግ የወደቀ ቅጠል ያለበት ግቢ በተሰወሩ ፍጥረታት የተሞላ ነው። የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ቀላል ናቸው፦ የእጅ ባትሪ፣ ነጭ አንሶላ፣ ጥቂት የተፈጨ ሰናፍጭ፣ ደብተርና እርሳስ። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ዝም ብሎ መቀመጡ ነው።

መጀመሪያ መጥረጊያውን አስቀምጡ

የእኛ ሰው ጓሮውን እንደ ሳሎን ይጠርጋል። ማለዳ ተነሥቶ የወደቀውን ቅጠል ሰብስቦ ያቃጥላል፤ መሬቱ ራቁቱን ካልቀረ ግቢው የጸዳ አይመስለውም። የተሰወሩት ደግሞ የሚኖሩት በዚያው በሚቃጠለው ቅጠል ውስጥ ነው። ግቢውን ሁሉ አትጥረጉ አልልም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የምትሆን ጥግ ብቻ ተዉ፤ ከበር ራቅ ያለች፣ ሕፃናት በባዶ እግር የማይሮጡባት ትሁን። የደረቀ ቅጠል ጎዝጉዙባት፤ አንድ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ የበሰበሰ ግንድ ቁራጭና የተሰበረ የእንስራ ገል አስቀምጡ። በጋ ከሆነ አልፎ አልፎ ውኃ አርከፍክፉ። ጎረቤት ሰነፍ ቢላችሁ ቻሉት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድንጋዩን አንሡት። አነሣሡ ግን ዘዴ አለው፦ ወደ እናንተ ያለውን ጠርዝ ሳይሆን የወዲያኛውን ጠርዝ በእንጨት ፈልቅቃችሁ ወደ ራሳችሁ አዘንብሉት። ከሥሩ ጊንጥ ወይም እባብ ቢኖር መውጫው ከእናንተ በተቃራኒ ይሆናል፤ ድንጋዩም ይጋርዳችኋል። ያያችሁትን ከጻፋችሁ በኋላ ድንጋዩን እንደነበረ መልሱት። ሸረሪት፣ ጥንዚዛና ቀንድ አውጣ አይጠፉም፤ ጉርጥ ከመጣ ግን ጥጉ ተወዷል ማለት ነው።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሰዎች በረንዳ ላይ በሶብላና ጤና አዳም በባልዲ ብትተክሉ ይበቃል። በሶብላውን ሁሉንም አትቁረጡት፤ ጥቂቱን አበባ እንዲይዝ ተዉት። ንብ ፎቁ ስንተኛ እንደሆነ አትጠይቅም።

የሎሚው ቅጠል ላይ ያለው የወፍ ኩስ

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ቅጠሉን ሞቅ ስታደርገው፣ ለጋ ቅጠል ባወጣ የሎሚ ወይም የብርቱካን ቅርንጫፍ ፊት ለፊት በርጩማ አስጠግታችሁ ተቀመጡ። ስልኩን ቤት ተዉት። ለሃያ ደቂቃ አትነሡ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምንም አይታይም፤ አብዛኛው ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚሄደውም ያኔ ነው።

በለጋው ቅጠል ላይ አንድ አንድ ሆነው የተጣሉ፣ አንድ ሚሊ ሜትር የሚያህሉ ክብና ቢጫማ እንቁላሎች ፈልጉ። በዚያው አካባቢ የደረቀ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር ታገኛላችሁ፤ ቡናማ ነው፤ መሐሉ ላይ ነጭ ጣል ብሎበታል። በሣር ጫፍ ነካ አድርጉት። ኩሱ ይንቀሳቀሳል። ሳይንስ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ የሚላት፣ ጥቁርና ቢጫ የሆነች ትልቅ ቢራቢሮ ልጅ ነው። ወፍ ትልን ትለቅማለች፤ ኩስን ግን አትለቅምም። ዕፀ መሰውር ማለት ይህ ነው፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ አለመታየት።

አባጨጓሬው ሲያድግ ዘዴውን ይለውጣል። ጣት የሚያህል የወፍ ኩስ የለምና በመጨረሻው የቆዳ ለውጥ አረንጓዴ ይለብሳል፤ በጎኑም ቡናማ ሰረዞች ይጋደሙበታል፤ ከቅጠሉ መለየት ያስቸግራል። ያን ጊዜ ብትነኩት ከጭንቅላቱ ኋላ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ የሆነ ለስላሳ ብርቱካናማ ቀንድ ብቅ ያደርጋል፤ ኃይለኛ ሽታም ይከተለዋል። ጉንዳንን ማባረሪያው ነው፤ ሰውን አይጎዳም። ልጆች ይህን አንዴ ካዩ በኋላ ከዛፉ ሥር መነሣት አይፈልጉም።

ወደ ቢራቢሮነት ሲለወጥ ማየት ከፈለጋችሁ አንዱን ከነቅጠሉ ቆርጣችሁ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ አስገቡ፤ አፉን በሻሽ እሰሩት፤ ቀጥ ያለ እንጨት አቁሙለት። በየቀኑ ከዚያው ዛፍ ትኩስ ቅጠል ስጡት፤ ፀረ ተባይ የተረጨ ቅጠል ይገድለዋል። ሲደርስ እንጨቱ ላይ ወጥቶ ወገቡን በሐር ክር ያስራል፤ ከዚያም ሙሽሬ ይሆናል፤ በሽፋን ውስጥ ተዘግቶ ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበት ደረጃ ነው። የሙሽሬው ቀለም እንደ ተቀመጠበት ቦታ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በደጋ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ፣ ቢራቢሮዋ ትወጣለች። ክንፏ ሲወጣ እርጥብና የተጨማደደ ነው፤ እስኪደርቅ ድረስ በእጅ አትንኩት፤ ከዚያ ሻሹን ፍቱላት።

የደረሰ የሎሚ ዛፍ በጥቂት አባጨጓሬ ምንም አይሆንም። ገና የተተከለ ችግኝ ከሆነ ግን ቅጠሉን ሊጨርሱበት ስለሚችሉ ለቅማችሁ ወደ ትልቁ ዛፍ አዛውሯቸው። በየቅጠሉ ቀዳዳ ባየ ቁጥር መርጫውን የሚያነሣ ሰው ጓሮውን አይቶት አያውቅም።

እዚያው ሳላችሁ ጉንዳን በግንዱ ሲመላለስ ካያችሁ በዓይን ተከተሉት። ብዙ ጊዜ ለጋ ጫፍ ላይ የተጠጋጋ ጥቁር ክሽክሽ፣ ማለትም የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት፣ ጋ ይወስዳችኋል። ጉንዳኑ ክሽክሹን በቀንዶቹ ዳሰስ ያደርገዋል፤ ክሽክሹ ጣፋጭ ጠብታ ይለቅለታል፤ ጉንዳኑም በምላሹ ጠላቶቹን ያባርርለታል። ከጠላቶቹ ዋናዋ ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ጥንዚዛ ናት። እርሷን ሁሉም ይወዳታል፤ ልጇ ግን እናቷን ፈጽሞ አትመስልም። ጥቁር፣ ረዘም ያለች፣ ብርቱካናማ ነጥብ ያለባትና ሻካራ ስለሆነች ተባይ ናት ተብላ ትገደላለች። ከእናቷ እኩል ክሽክሽ የምትበላ ናትና ተዉአት።

እስስትን በሌሊት ፈልጉ

እስስትን ቀን መፈለግ ድካም ነው። አጥሩ ላይ ብትሆንም አታገኟትም። ከመሸ በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ ባትሪ ይዛችሁ ቁጥቋጦውን ከታች ወደ ላይ ቀስ ብላችሁ አብሩበት። እስስት የምትተኛው ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው፤ ሌላ እንስሳ ሲመጣባት ቅርንጫፉ ስለሚወዛወዝ ትነቃለች። ስትተኛ ደግሞ ቀለሟ ይነጣል። ቀን የጠፋችው እንስሳ ሌሊት ጅራቷን ጠቅልላ፣ ነጣ ብላ፣ በጨለማው ውስጥ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ብርሃኑን ዓይኗ ላይ አታቆዩ፤ ቅርንጫፉንም አትንኩ።

መልኳን የምትለውጠው የተቀመጠችበትን ቦታ ለመምሰል ነው የሚለው ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሙቀት፣ ቁጣ፣ ፍርሃትና ከሌላ እስስት ጋር መነጋገር ነው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ጥናት፣ በማዳጋስካር የሚኖር አንድ የእስስት ዝርያ በቆዳው ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች እንዳሉትና በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲሰፋና ሲጠብ ቀለሙ እንደሚለዋወጥ አሳይተዋል። እስስት መርዝ የላትም። አቋሙ የሚዋዥቅን ሰው በእስስት መመሰላችን ይቅር ቢባል እንኳ በድንጋይ መውገራችን ምክንያት የለውም።

አንሶላና መብራት

ጨረቃ የሌለበት፣ ነፋስ የማይነፍስበት ምሽት ምረጡ፤ የዝናቡ ወራት መግቢያና መውጫ ይሻላል። ነጩን አንሶላ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ዘርጉና ፊት ለፊቱ መብራት አስቀምጡ። ጫማ አድርጉ። ብዙም ሳይቆይ አንሶላው በእሳት እራት ይሞላል፤ ግራጫ ነው ስትሉት የነበረው ሁሉ በቅርብ ሲታይ ወርቃማ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ ይሆናል።

በእኛ አነጋገር የእሳት እራት ወዶ ወደ እሳት የሚገባ ሞኝ ነው። በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ ጥናት ይህን ስም አጥርቶለታል። በራሪ ነፍሳት ሌሊት ላዩንና ታቹን የሚለዩት ጀርባቸውን ብሩህ ወደሆነው ሰማይ በማዞር ነው። መብራት ሲያገኙ ጀርባቸውን ወደ መብራቱ ያዞራሉ፤ አቅጣጫው ይጠፋባቸውና መዞር ይጀምራሉ። ስለዚህ አንድ ሰዓት ካያችሁ በኋላ መብራቱን አጥፉላቸው።

እንሶስላ ካላችሁ ከመብራቱ ራቅ ብላችሁ እርሱ አጠገብም ቆዩ። በክረምት ማብቂያ ሴቶች ከሥሩ በሚያወጡት ቀለም መዳፋቸውንና የእግራቸውን ውስጥ ያቀላሉ፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ያልታየው የአበባው ሥራ ነው። ከነጩ አበባ ኋላ ረጅም ቀጭን ቱቦ አለ፤ ወለላው ያለው ቱቦው ውስጥ ነው፤ መዓዛውም ሲመሽ ይበረታል። የሚጠራው ምላሱ እጅግ ረጅም የሆነውን፣ አበባው ላይ ሳያርፍ እየተንሳፈፈ የሚቀስመውን ትልቅ የእሳት እራት ነው። የአስተናግርም ነጭ አበባ የሚከፈተው ለዚሁ እንግዳ፣ በዚሁ ሰዓት ነው። አስተናግርን ግን በዓይን ብቻ እዩት፤ ከሥር እስከ ፍሬ መርዝ ነው፤ የበላውን ሰው ያስቃዠዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ልጆች ያሉበት ግቢ ውስጥ ከሆነ በጓንት ነቅላችሁ አስወግዱት።

ትሎቹን በሰናፍጭ ጥሩ

ከመሬት በታች ያሉትን ለማየት መቆፈር አያስፈልግም። 40 ግራም ያህል የተፈጨ ደረቅ ሰናፍጭ በ4 ሊትር ውኃ በጥብጡ፤ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት የገባበት የገበታ ሰናፍጭ አይሆንም። ችግኝ ከሌለበት እርጥብ መሬት ላይ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር በሠላሳ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ ከቅጠል አጽዱ። ግማሹን ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ ሲሰርግ የቀረውን ጨምሩ። ሰናፍጩ ቆዳቸውን ስለሚያቃጥላቸው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የምድር ትሎች መውጣት ይጀምራሉ። ቆጥራችሁ ወዲያውኑ በንጹሕ ውኃ አለቅልቋቸውና ሌላ እርጥብ ቦታ ልቀቋቸው። ብዙ ትል የወጣበት መሬት ለጎመን የሚመች ነው።

እየጠበቃችሁ አትረማመዱ። ቻርለስ ዳርዊን በሸክላ ማሰሮ ያኖራቸውን ትሎች ፒያኖ አስመትቶላቸው ነበር፤ ማሰሮው ራቅ ብሎ ሳለ ደንታ አልሰጣቸውም፤ ፒያኖው ላይ ሲቀመጥ ግን ንዝረቱ ደረሳቸውና ወደ ጉድጓዳቸው ገቡ። ጆሮ የላቸውም፤ የእግራችሁን ኮቴ ግን ያውቁታል።

ተረቱንም አብራችሁ ሰብስቡ

ሳይንሱን ያወቀ ሰው ተረቱን መጣል አለበት የሚሉትን አልቀበልም። ቅዱስ ያሬድ ትምህርት እምቢ ብሎት ከአክሱም ሲወጣ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንድ ትል ወደ ላይ ለመውጣት ደጋግሞ ሲወድቅና በመጨረሻ ሲሳካለት አይቶ እንደተመለሰ፣ በኋላም ከገነት የመጡ ሦስት ወፎች ዜማን እንዳሰሙት ይተረካል። ይህን ለልጅ የምትነግሩት ሶፋ ላይ ሳይሆን ሎሚው ሥር ይሁን። አባጨጓሬው ሲወጣ እያዩ ይስሙት። ወፍ ቢሉም ሩቅ አትሂዱ፤ አበባው ላይ የምትንጠለጠለው ሾጣጣ አፍ ያላት አብረቅራቂ ወፍ በደጋ ግቢዎች የተለመደች ናት፤ ከዘመዶቿ አንደኛዋ በ1814 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሳይንስ ስትመዘገብ በተከዜ ወንዝ ስም ተሰይማለች።

ልጆቹ በዚያች ባልተጠረገችው ጥግ ዕቃ ዕቃ ይጫወቱ። ገሉ ቤት ይሁን፣ ቅጠሉ ምንጣፍ። ከዚያ «ተረት ተረት» በሉ፤ «የላም በረት» ሲሏችሁ ተረቱን እናንተ አትጀምሩት። በዕለቱ ካዩት እንስሳ አንዱን ይምረጡና ሦስት ነገር ይመልሱ፦ ማንን ይፈራል? ምን ደብቋል? ሌሊት ማን ይጎበኘዋል? ባዩት ነገር ላይ ስለሚቆም ተረታቸው አይቀልም። በጅኒ ማስፈራራቱ ግን ይቅር፤ አንዴ የፈራ ልጅ ባትሪ ይዞ አይወጣም።

ደብተሩን ለሁለት ክፈሉት። በግራው ገጽ ያያችሁትን ከቀንና ከሰዓት ጋር ጻፉ። በቀኙ ስለዚያ ተክል ወይም እንስሳ የተነገራችሁን፣ ከነገራችሁ ሰው ስምና ካደገበት አገር ጋር አስፍሩ፦ ጤና አዳም ከነጭ ሽንኩርት ጋር ለቡዳ እንደሚያዝ፣ ዳማከሴ ለምች እንደሚታሽ። መድኃኒትነቱን የምትጽፉት ለማስታወስ እንጂ ለመሞከር አይደለም። አረጋውያንን ስትጠይቁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ቅጠሉን ቀንጥሳችሁ ውሰዱ፤ አሸት አድርገው እንዲያሸቱት ስጧቸውና «እማማ፣ በልጅነትዎ በዚህ ምን ይሠሩበት ነበር?» በሉ። ቅጠሉን ሳትይዙ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ አጭር ነው።