ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚዞር ድንች እንዴት እንደሚሞቅ በኮምፒውተር ማስላት

የማይክሮዌቭ ሳህን የሚዞረው ለጌጥ አይደለም። ሞገዱ ከብረቱ ግድግዳ እየተላተመ አንዱ ቦታ ላይ ይበረታል፣ ሌላው ቦታ ላይ ጭራሽ ይጠፋል። ሳህኑ ባይዞር የትናንቱ ወጥ ዳር ዳሩ እየተንተከተከ መሃሉ እንደቀዘቀዘ ይወጣል። አንዳንዴ እየዞረም እንደዚያው ይሆናል፤ ምክንያቱን ሲሙሌሽኑ (በኮምፒውተር የሚሠራው የማስመሰል ስሌት) ራሱ ያሳያችኋል።

ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት ፍጥነቶቹን አስተያዩ። የቤት ማይክሮዌቭ በ2.45 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ ሞገዱ በሰከንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ ይወዛወዛል ማለት ነው። ሳህኑ ግን በደቂቃ ቢዞር አምስት ስድስት ጊዜ ነው። ሙቀቱም ቢሆን አይቸኩልም። ሳህኑ አንድ ዙር እስኪጨርስ ድንች ውስጥ የሚጓዘው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ለሞገዱ ሳህኑ የቆመ ያህል ነው። ስለዚህ ድንቹን በእውነት ማሽከርከር አያስፈልግም፤ በተለያየ አንግል እያቆሙ ማስላት ይበቃል። ሥራውን የሚያቀልለው ይሄ ነው።

መጀመሪያ ሶፍትዌር ምረጡ። ኮምሶል ለዚህ ሥራ የታወቀ ነው፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። በነፃ የሚገኘው የፊንላንዱ ኤልመር ሞገዱንም ሙቀቱንም ያሰላል። የብረት ሳጥን ሣሉ፤ ሞገዱ የሚገባበትን ቀዳዳ፣ የመስታወት ሳህኑንና ድንቹን ጨምሩበት።

ቀጥሎ የድንቹን ባሕርይ አስገቡ። አንድ ሜትር ኩብ ወደ 1050 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ኪሎውን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 3640 ጁል ገደማ ይፈልጋል። ለሞገዱ ደግሞ ሁለት ቁጥሮች አሉት፣ 65 እና 20 አካባቢ። የመጀመሪያው ሞገዱ ድንቹ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያጥር ይወስናል፤ ሁለተኛው ሞገዱ በምን ያህል ፍጥነት ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ።

አሁን ሁሉንም በትንንሽ ክፍል ከፋፍሉት፤ በባለሙያዎቹ ቋንቋ ሜሽ ይባላል። አየር ላይ የሞገዱ ርዝመት 12.2 ሴንቲሜትር ነው፣ ድንቹ ውስጥ ግን 1.5 ሴንቲሜትር ብቻ። በአንድ ሞገድ ርዝመት ቢያንስ ስድስት ክፍል ያስፈልጋል። አየሩን በ2 ሴንቲሜትር መክፈል ይቻላል፤ ድንቹ ላይ ግን ከ2.5 ሚሊሜትር አትበልጡ። እዚህ ጋ የኮምፒውተር ጊዜ ለመቆጠብ የሚሞክር ሰው፣ ቀለሙ ያማረ ግን የተሳሳተ ሥዕል ያገኛል።

ከዚያ ሞገዱን በ12 አንግል አስሉ፣ በየ30 ዲግሪው። እዚህ ላይ አንዲት ዘዴ አለች፦ ድንቹን አትንኩት፣ ሳጥኑን በሳህኑ መሃል ዙሪያ አዙሩ። ሙቀቱ የሚመዘገበው ድንቹ ላይ ባሉት ነጥቦች ነው። ነጥቦቹ ካልተነቃነቁ ሙቀቱን ከቦታ ቦታ ማዛወር አይጠበቅባችሁም። በየአንግሉ እያንዳንዱ ነጥብ የሚቀበለውን ዋት አስቀምጡ። ድንቹ በሁሉም አንግል እኩል ዋት እንዲወስድ አታስገድዱት። በእውነተኛው ማይክሮዌቭም ሳህኑ ሲዞር የሚወስደው ኃይል ከፍና ዝቅ ይላል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው አማካይ ሲያወጣ ነው። ሙቀቱ የሚከተለው የኤሌክትሪክ መስኩን (ሞገዱ በየቦታው ያለውን ብርታትና አቅጣጫ) ካሬ ነው። የ12ቱን አንግል መስክ ደምራችሁ አማካዩን ካወጣችሁ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ያሉት ይጣፋሉ። ድንቹ እየሞቀ ስሌቱ «ቀዝቃዛ ነው» ይላችኋል። አማካይ የሚወጣው በየነጥቡ ላስቀመጣችሁት ዋት ነው።

ሙቀቱን ስታሰሉ፣ ሳህኑ በደቂቃ 5 ጊዜ የሚዞር ከሆነ አንዱ ዙር 12 ሰከንድ ይፈጃል። እያንዳንዱን አንግል አንድ አንድ ሰከንድ እያበራችሁ ዙሩን ድገሙት።

ሥዕሉን ከማየታችሁ በፊት በካልኩሌተር አረጋግጡ። 200 ግራም ድንች 500 ዋት ቢወስድ በየሰከንዱ 0.7 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ከ20 ዲግሪ ተነስቶ በአንድ ደቂቃ አማካዩ 60 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት። ሞዴላችሁ 35 ወይም 90 ካለ የሆነ ቦታ ስህተት አለ።

ትክክል ከሆነ ሥዕሉ ላይ ትኩስ ነጠብጣቦቹ ተለጥጠው ቀለበት ይሆናሉ። በትክክል መሃል ላይ ያለው ነጥብ ግን ቦታ አይቀይርም። ሞገዱ እዚያ ደካማ ከሆነ ሳህኑ ሲዞር ቢውል አያሞቀውም። የቀዝቃዛው ወጥ ነገር አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። ድንቹን ከመሃል 5 ሴንቲሜትር አርቃችሁ እንደገና አስሉትና አወዳድሩ።

ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ስሌቱን አቁሙ፤ ውሃው መትነን ይጀምራልና ይህ ሞዴል አይበቃም። በረዶ የሆነ ምግብ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በረዶ ሞገዱን የሚወስደው በጣም በጥቂቱ ነው፣ የቀለጠው ውሃ ግን በብዛት። ስለዚህ ቀድሞ የቀለጠው ቦታ ይብስ እየጋለ ይሄዳል። ሙቀቱ ጥቂት ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሞገዱንም እንደገና ማስላት ግድ ነው።

ሞዴሉን ከእውነተኛው ማይክሮዌቭ ጋር ለማስተያየት ሳህኑ እንዳይዞር አድርጋችሁ ሰፊ ቸኮሌት አስገቡ። መቅለጥ ሲጀምር አጥፉና ቦታዎቹን ለኩ። ሞገዱ ማይክሮዌቩ ውስጥ እንደተቀመጠው ነገር ስለሚለያይ ሞዴሉ ላይም ድንቹን በቸኮሌት ተኩት።