ሞግዚት ስንቀጥር ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሞግዚት ፍለጋ የጀመርኩት የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ 9 ቀን ሲቀረው ነው። ደላላው “ነገ አመጣልሻለሁ” አለኝ፤ አመጣም። በሦስተኛው ቀን ሄደች። ሁለተኛዋ ሁለት ሳምንት ቆየች። ሦስተኛዋ ዛሬም ከእኛ ጋር ናት፤ ይሄ ግን ዕድል እንጂ የእኔ ብልጠት አይደለም። ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። እስከዚህ ድረስ እኔም፣ የቢሮ ጓደኞቼም፣ የኮንዶሚኒየማችን እናቶችም ያልተሳሳትነው ነገር የለም።

በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ

ሒሳቡን እንየው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ሐኪሞች የሚሉን ግን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ ነው። መሃል ላይ ሦስት ወር ገደማ ይቀራል። በእነዚያ ወራት ወተቱን አልበሽ ትሄጃለሽ፣ የምታጠጣው ሌላ ሰው ናት። ይሄ ደግሞ በአንድ ጠዋት የሚነገር ትምህርት አይደለም። የታለበ ወተት ብዙ በማይሞቅ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ልጁ ጠጥቶ ያስተረፈውን ለማታ ማስቀመጥ ግን አይሆንም። መብራት ከጠፋ ደግሞ ፍሪጁን ማመን ከባድ ነው (መብራት መጥፋቱ እንደሆነ የታወቀ ነው)።

ስለዚህ ሞግዚቷ አንቺ ሥራ ከመመለስሽ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድማ ትምጣ። አብራችሁ ዋሉ። መጀመሪያ አንቺ ስታደርጊ ትይ፣ ቀጥሎ እሷ ታድርግ፣ አንቺ እዪ። ደሞዙ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። እኔ ያንን ገንዘብ አድናለሁ ብዬ ነው ሁለት ጊዜ ለደላላ የከፈልኩት።

አንድ ሰው ቀጥሮ ሦስት ሥራ መስጠት

የእኛ ትልቁ በሽታ ይሄ ነው። “ሞግዚት” ብለን እንቀጥራለን። ጠዋት ስንወጣ ግን ትእዛዙ ሌላ ነው፦ ልብሱ ይታጠብ፣ ሽንኩርቱ ይከተፍ፣ እንጀራው ዛሬ ይጋገር፣ አዎ፣ ልጁንም እዪው። ከትእዛዙ ሁሉ መጨረሻ የሚመጣው ልጁ ነው።

ሠራተኛዋ ሞኝ አይደለችም። ማታ ስንገባ የምናየው ወጡንና ወለሉን እንደሆነ ታውቃለች። ልጁ ስንት ጊዜ እንደታቀፈ፣ ስንት ጊዜ እንዳወሩት በዓይን አይታይም። ስለዚህ ልጁ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል፣ ወይም ታዝሎ ምጣድና የፈላ ዘይት አጠገብ ይውላል። የአንዷ ጎረቤቴ ልጅ ሁለት ዓመት አልፎት በአማርኛ ውሃ መጠየቅ አይችልም፤ ቀለማትን ግን በእንግሊዝኛ ይቆጥርልሻል። ጎበዝ ብለን አጨበጨብንለት። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ዓመት ላልሞላው ልጅ ምንም ስክሪን፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ አይመክርም።

ሁለት ሰው የመቅጠር አቅም ያለው ጥቂት ነው። የሌለን ቅደም ተከተሉን በግልጽ እንናገር። “ልጁ ነቅቶ ሳለ ሥራሽ እሱ ነው። ሲተኛ የቻልሽውን ሥሪ። ወጡን እኔ ማታ እሠራለሁ።” ከዚያ ማታ ገብቶ ሳህኑ ስላልታጠበ ፊት አለማጥቆር ነው። እሱ ነው የሚከብደው። እኔም ያልተኮሳተርኩባቸው ቀናት ብዙ አይደሉም።

ተያዥ ጠይቆ ሌላውን መርሳት

መታወቂያና ተያዥ እንጠይቃለን፤ ደግ ነው። ግን ተያዥ ለወርቅሽ እንጂ ለልጅሽ ብዙም አይጠቅምም። ሌላም ጠይቂ። ታናናሾችሽን አሳድገሻል? ሕፃን አልቅሶ አልቅሶ እምቢ ሲል ምን ታደርጊያለሽ? ኦቾሎኒ ወይም ቆሎ ቢያንቀውስ? መልሱን ብቻ ሳይሆን ልጁን እንዴት እንደምታነሳው እዪ።

የጤና ምርመራ ደግሞ እንደ ንቀት መታየት የለበትም። በተለይ የሳንባ ነቀርሳ ከአዋቂ ወደ ሕፃን በቀላሉ ይተላለፋል፤ በትንሽ ልጅ ላይም ይበረታል። አብረሻት ሂጂ፣ ወጪውን አንቺ ቻዪ።

ዕድሜዋንም ተመልከቺ። ደላላ 18 ነው ያላት ልጅ አንዳንዴ ራሷ ሞግዚት የሚያስፈልጋት ናት።

ሹልክ ብሎ መውጣት

እንዳያለቅስ ብለን ሲዘናጋ በጓሮ እንወጣለን። ከስምንት ወር ገደማ ጀምሮ ልጅ ከእናቱ መለየትን መፍራቱ የተለመደ የዕድገት ደረጃ ነው። እናቱ ድንገት የምትጠፋ ከሆነ ግን ፍርሃቱ ይብሳል፤ ሽንት ቤት ስትገቢ እንኳ ቀሚስሽን ይዞ ይከተላል። ሳሚው፣ “ቻው፣ ሲመሽ እመጣለሁ” በይው፣ ውጪ። ሰርቪስ ቢያመልጥሽም አትመለሺ። የእኔ ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጮኸ። ከዚያ በኋላ መስኮት ላይ ሆኖ እጁን ማወዛወዝ ጀመረ።

በቃል ብቻ መስማማት

ያው አዋጅ 1156 የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው ቤት ስለሚኖር ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች አሉት፤ ከዚያ ውጪ አብዛኛው ነገር የሚወሰነው በእናንተ መሃል ነው። ስለዚህ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉት። ደሞዙ በስንት ቀን ይከፈላል? እሑድ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነፃ ናት? ብትታመምስ? ለፋሲካ አገሯ የምትሄደው ስንት ቀን ነው? ማንበብ ካልቻለች ይነበብላት። “ለበዓል ብላ ሄዳ ቀረች” የምንላቸው አብዛኞቹ፣ ብጠይቅ አይፈቅዱልኝም ብለው የቀሩ ናቸው። ሌሊት ከሕፃን ጋር የምትነሳ ልጅ ቀን ካላረፈች ምን ዓይነት ትዕግሥት ይኖራታል? እኔ ከራሴ ልጅ ጋር እንኳ አልነበረኝም።

አያትን እንደ ነፃ ሞግዚት ማየት

እማማ አሉ ተብሎ ነገሩ አያልቅም። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ የሚሮጥ የሁለት ዓመት ልጅ አይይዙም። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማስዋጥ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ከ6 ወር በፊት ውሃ መስጠት የሚሉት ነገሮች ደግሞ በክርክር አያልቁም። እኔ እናቴን ክትባት ቀን ይዣት ሄድኩና ነርሷ እንድትነግራት አደረግሁ። ከእኔ አልሰማ ያለችውን ከነርሷ ሰማች።

የዴይኬሩን ግድግዳ አይቶ መመዝገብ

የተሳለው ሚኪ ማውስ ልጅ አይጠብቅም። አንዲት ተንከባካቢ ስንት ሕፃን እንደምትይዝ ጠይቂ። ሳትደውዪ በ9 ሰዓት ድረሺ። ልጁን ከአንቺ ሌላ ማን መውሰድ እንደሚችል በጽሑፍ ይያዝ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ መጀመሪያ መሥሪያ ቤትሽ የራሱ ማቆያ እንዳለው አጣሪ።

ካሜራ ሰቅሎ ነገሩን መተው

ካሜራ አልቃወምም፤ ብቻ ይነገራት። የሚያስፈልጋት ግን ፍሪጁ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው፦ የእናት፣ የአባትና የአንድ ጎረቤት ስልክ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። ስልኳ ላይ ካርድ መኖሩንም እዪ።

ስትሄድ አለማሰናበት

ይሄኛው የእኔ አይደለም፤ ከላይኛው ፎቅ ያለችው የጓደኛዬ ነው። ልጇን ሁለት ዓመት ያሳደገችው ሞግዚት ዐረብ አገር ልትሄድ ሆነ። ቲኬቱ ደረሰ፣ ሌሊት ወጣች። ልጁ ጠዋት ሲጠይቅ “ሱቅ ሄዳ ነው” አሉት። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀመጠ። በማግስቱም። አሁን ወራት አልፈዋል፣ አዲሷን ሞግዚትም ለምዷል። እናቱ “ሱቅ ደርሼ ልምጣ” ስትል ግን ሄዶ ጫማዋን ይደብቃል።