ጥላቻ ሚሰብክ ዕጩ ሰፈራችሁ ሲመጣ ቤት ለቤት እንዴት ይሰራል

መጀመሪያ የሰባት ድምፅ ወሬ ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ 1993 መስከረም ላይ ነው፣ ለንደን ምስራቁ በኩል አይል ኦፍ ዶግስ ሚባል ሰፈር ውስጥ ሚልዎል በሚባል የምርጫ ክልል ለአካባቢ ምክር ቤት የማሟያ ምርጫ ተደረገ፣ ቢኤንፒ ሚባለው የቀኝ አክራሪዎች ፓርቲ ዕጩ፣ ዴሪክ ቢከን ሚባል ሰውዬ፣ በ7 ድምፅ አሸነፈ። ሰባት እኮ ነው፣ እኛ ሰፈር አንድ ጀበና ዙሪያ ሚቀመጥ ሰው ማለት ነው። ከዛ ሰፈሩ ደነገጠ፣ ቄሶቹ ሳይቀሩ ተነሱ፣ ቤት ለቤት ተሄደ፣ ስምንት ወር ሳይሞላ በ1994ቱ ምርጫ ሰውዬው ወንበሩን አጣ። ግን ልብ በሉ፣ ሁለተኛው ምርጫ ላይ ያገኘው ድምፅ ከመጀመሪያው ይበልጣል። የሱ ደጋፊ አልቀነሰም፣ በመጀመሪያው ዙር ቤቱ ቁጭ ብሎ የነበረው ሌላው ሰው ነው የወጣው።

ይሄን ፅሁፍ ሚያስፅፈኝም እሱ ነው። ብዙ ጊዜያችንን ምናባክነው በጥላቻ ከሰከረው ሰው ጋር ስንጨቃጨቅ ነው፣ እሱን ተዉት፣ "ኧረ እኔ ፖለቲካ አልወድም" ብሎ በሩን ዘግቶ ሚቀረውን ጎረቤታችሁን ያዙ።

እኛ አገር ቀኝ አክራሪ ሚባል ፓርቲ የለም ትሉኝ ይሆናል። በዛ ስም ሚጠራ የለም፣ "ውሃችንን የጨረሱት እነሱ ናቸው፣ ቤት ያስወደዱት መጤዎቹ ናቸው፣ ገበያውን የያዘው እገሌ ሃይማኖት ነው" እያለ ሚመጣ ግን አለ፣ ነገም ይመጣል። ሚያዝያ 2014 ላይ አንድ የሙስሊም አባት ቀብር ላይ የተነሳው ነገር ጎንደርን ምን እንዳደረጋት ያየ ሰው ወሬ ምን ድረስ እንደሚሄድ አይነገረውም። የቀበሌና የወረዳ ምርጫ ደግሞ ሚያዝያ 2005 ላይ ከተደረገ በኋላ 2010 ላይ ሊደረግ ታስቦ ተራዘመ፣ ስለዚህ አሁን 25 አመት የሞላው ልጅ የአካባቢ ምርጫ ሚባል ነገር መርጦ አያውቅም። ሲመጣ ድንገት ነው ሚሆንብን፣ ዝግጅቱ ካሁኑ ነው።

የአክስቴ ልጅ ባርኪንግ ነው ምትኖረው፣ እሱም ምስራቅ ለንደን ነው። እዛ በ2006 (ስለ ለንደን ሳወራ አመቱ በፈረንጆቹ ነው) ቢኤንፒ 12 የምክር ቤት ወንበር ወስዶ ነበር፣ በ2010 ግን አስራ ሁለቱንም አጣ፣ 51ዱም ወንበር ሌበር ሚባለው ፓርቲ ሆነ፣ የቢኤንፒ መሪ ኒክ ግሪፊን ራሱ ለፓርላማ እዛው ተወዳድሮ ሶስተኛ ወጣ። እንዴት ሆነ ስላት መጀመሪያ የነገረችኝ ስለ ቤት ነው። እዛው ዳገንሃም ያለው የፎርድ ፋብሪካ 2002 ላይ መኪና መገጣጠም አቁሟል፣ የመንግስት ቤቱ (የኛን የቀበሌ ቤት በሉት) በብዛት ለነዋሪው ተሽጧል፣ በቦታው ሌላ አልተሰራም፣ ሰዉ ለልጁ ቤት አላገኘም። የቢኤንፒ ሰዎች መጥተው "ለአፍሪካውያን እዚህ መጥተው ቤት እንዲገዙ 50,000 ፓውንድ እየተሰጣቸው ነው" ብለው ወረቀት በተኑ። ነጭ ውሸት ነው። የቤቱ ችግር ግን እውነት ነበር፣ ውሸቱም የተሸጠው እውነተኛ ችግር ላይ ተለጥፎ ስለመጣ ነው።

እሷ ወረቀት ልታድል ስትዞር አንዲት አሮጊት በር ከፍተው "እኔ እነሱን ነው ምመርጠው፣ ልጄ ቤት ሲጠብቅ ስንት አመቱ ነው" አሏት። አልተከራከረችም። "የኔም ወንድም እዛው ተራ ውስጥ ነው ሚጠብቀው" አለቻቸው፣ እውነቷን ነው። ሴትዮዋ ትንሽ ዝም አሉና ተራ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ጠየቋት። በቃ ይሄው ነው። ይምረጡ አይምረጡ አታውቅም፣ ግን በሩን አልዘጉባትም።

እንግዲህ ወደ ስራው።

ሰፈራችሁን ቁጠሩ። እኛ ጎንደር አራዳ በሉት አዘዞ፣ ማራኪ በሉት አዲስ አለም፣ ሁሉንም ልታዳርሱ አትችሉም፣ አንድ ሰው ከ30 እስከ 40 ቤት ነው ሚችለው፣ እሱም ሰላምታ ያላችሁን ቤት። በሶስት ከፍሉት፦ እንደናንተ ሚያስቡ፣ ግራ የገባቸው ወይ ቤታቸው ሚቀሩ፣ እና ከጥላቻው ጋር የቆረጡ። ለመጀመሪያዎቹ ማስታወስ ብቻ ይበቃል። ለመጨረሻዎቹ ሰላምታችሁን አታቋርጡ፣ ክርክር ግን አትግቡ። ቀሪው ጊዜያችሁ በሙሉ የመሃለኞቹ ነው። ደግሞ በናታችሁ የሰው ስም፣ ብሄር፣ ሃይማኖት ምናምን ሚል ሊስት እንዳትፅፉ፣ በኛ አገር ሊስት ማንን ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ፣ ደብተር ከጠፋ የሰው ህይወት ነው። "ሰማያዊ በር፣ ሁለተኛ፣ እናትየዋ የምርጫ ካርድ አላወጡም" በቂ ነው። ከምርጫው በኋላ ቅደዱት።

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ቢቻል አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም፣ አንዷ ሴት ብትሆን ደግሞ በር ቶሎ ይከፈታል። ከሌላ ሰፈር ጎበዝ ተናጋሪ አታምጡ፣ ሰው ሚሰማው በለቅሶው ድንኳን ሲተክል ያየውን ነው። በቀን ሂዱ፣ ሲመሽ ማንም ለማያውቀው ኮቴ በር አይከፍትም፣ የፀጥታውን ነገር አይታችሁ ካልሆነ ደግሞ ጭራሽ አትውጡ፣ ሌላ ቀን አለ።

ቡናው ላይ ምን ይደረጋል ካላችሁ፣ አቦሉ ላይ አፋችሁን ዝጉ። ሲሪየስ ነኝ። "እትዬ፣ ሰፈሩ እንዴት ነው፣ ምን ከበዳችሁ" ብሎ ጠይቆ ቆሎ መቆርጠም ነው። ባርኪንግ የፓርላማ አባል የነበረችው ማርጋሬት ሆጅም እንደዚሁ ነው ያደረገችው፣ ነዋሪውን ቡና እየጠራች ችግራችሁ ምንድነው ትል ነበር። (ያቺው ሴትዮ 2006 ላይ ከአስር ነጭ ቤተሰብ ስምንቱ ቢኤንፒን ለመምረጥ እያሰበ ነው ብላ ለጋዜጣ ተናግራ ነፃ ማስታወቂያ ሰራችላቸው ተብላ ተወቅሳለች፣ ትምህርቱ ለኛም ነው፣ "እነሱ እያሸነፉ ነው፣ ጉድ ሆነናል" እያላችሁ ፖስት አታድርጉ።) ቶናው ላይ ያነሱትን ችግር መልሳችሁ ጠይቁ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ለማን አመለከታችሁ፣ ምን አሏችሁ። ስለ ምርጫ ሚወራው በረካው ላይ ነው፣ እሱም አጭር፣ "ካርድ አውጥተዋል?" ይበቃል። በረካ ሳይደርስ የወጣ ቅስቀሳ አይሰራም።

እኔ ራሴ ይሄን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። አንድ ቀን ጎረቤቴ ቤት ቡና ላይ ጋሼ የምለው አንድ ትልቅ ሰው "ውሃው የጠፋው ተፈናቃዩ ከመጣ ወዲህ ነው" አለ፣ እኔ ስልኬን አውጥቼ ፅሁፍ ማንበብ፣ መረጃ መደርደር፣ ጭራሽ "ይሄ ዘረኝነት ነው ጋሼ" ብዬ አረፍኩት። ቤቱ ፀጥ አለ። ባለቤትየዋ ስኒውን ሰብስባ "በል ልጄ፣ ፖለቲካህን እደጅህ" አለችኝ፣ ለሁለት ሳምንት ቡና ሚጠራኝ ጠፋ። በኋላ እዛው ሰውዬ ጋ ጀሪካን ተሸክመን ወረፋ ላይ ተገናኘንና "ጋሼ፣ የልጅዎ ሰርግ ጊዜ ውሃው እንዴት ሆናችሁ?" አልኩት። "ኧረ ተወኝ፣ በአህያ ነው ያስቀዳሁት፣ ጠላው ራሱ ሊቀር ነበር" ብሎ ጀመረ። ሰርጉ ተፈናቃይ ከመምጣቱ በፊት ነው። አልነገርኩትም፣ ራሱ ነው "ለነገሩ ያኔም አልነበረም" ያለው። ከዛ ውሃ ስለሚሰጠን ስለ አንገረብ ግድብ አወራን፣ በደለል እየሞላ ከተማው እየሰፋ ስለመሄዱ፣ አዲሱን የመገጭ ግድብ ስንት አመት እንደጠበቅን። ውሃው ለምን እንደጠፋ ሲገባው ንዴቱ አልጠፋም፣ ሚናደድበት ነገር ግን ተቀየረ።

የወሬ ነገር ላይ አንድ ሁለት ነገር። ውሸቱን መልሳችሁ አትናገሩት። "ውሃውን ተፈናቃይ አልጨረሰውም" ስትሉ ሰው ሚይዘው "ተፈናቃይ" እና "ጨረሰው" ሚለውን ነው፣ በቀጥታ "ግድቡ ደለል ሞልቶታል" በሉ። ቲክቶክ ላይ ያያችሁትን የጥላቻ ቪዲዮ "እዩት ይሄን ባለጌ" ብላችሁ ሼር አታድርጉ፣ ለሱ ስራ እየሰራችሁለት ነው። በግሩፕ የመጣ ከሆነ ለላከው ሰው በግል ፃፉለት፣ ሰው ፊት ከታረመ ይብስበታል። ነሐሴ 2015 ኔት ሲጠፋ ደግሞ እንዳያችሁት ወሬ ኔት አይፈልግም፣ በባጃጅ ነው ሚሄደው፣ ስለዚህ ሹፌሮቹን፣ ጉሊት ምትሸጠዋን፣ ወፍጮ ቤቱን አትርሱ። አንድ ባጃጅ ሹፌር ካንድ ግሩፕ ይበልጣል።

"ጽንፈኛ" ሚለውን ቃል አትጠቀሙ። አሁን ያ ቃል ማን በማን ላይ እንደሚወረውረው ስለምታውቁ አላብራራም፣ ስትሉት ሰውዬው የመንግስት ሰው መሰላችሁት ማለት ነው፣ አለቀ። ስም ከመለጠፍ ያለውን ነገር ራሱን አንሱ፣ "ይሄ ዕጩ ጎረቤቶቻችን ይውጡልን ብሏል፣ እነሱ ከወጡ በእድሩ ማን ይቀብረናል?" ስለ እድር ካነሳሁ ደግሞ፣ እድሩንም ሰንበቴውንም ጀማአውንም የቅስቀሳ መድረክ አታድርጉ፣ የሁሉም ነው፣ ቤተክርስቲያንና መስጊድ ውስጥ መቀስቀስማ በህግም ክልክል ነው። እዛ ሚነገረው "ካርድ አውጡ" ብቻ ይሁን። በማህበር ስም የመራጮች ትምህርት እንስጥ ካላችሁ ከምርጫ ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ጎረቤት ቡና ላይ ማውራት ግን የማንም ፈቃድ አይፈልግም።

ወረቀት ካሳተማችሁ አንድ ገፅ፣ ትልቅ ፊደል፣ አንድ ጉዳይ። ውሃ ከሆነ ውሃ ብቻ። የነሱን ፖስተር አትቅደዱ፣ ጥፋትም ነው፣ ደግሞ የተቀደደ ፖስተር ሰውዬውን ተበዳይ ያስመስለዋል፣ ማታ ላይ በቀለም ሚያበላሹ ልጆች ካሉ ዋ በሏቸው። ዕጩው በግልፅ በብሄር ወይ በሃይማኖት ሰው ላይ ጥቃት ሚያነሳሳ ንግግር ካደረገ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቃሉን እንዳለ ፃፉ፣ ድምፁ ካላችሁ አስቀምጡ፣ ለምርጫ ቦርድ አቤት በሉ፣ አዋጅ 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን ወንጀል አድርጎታል። ህጉን ያልወደዳችሁትን ሰው ሁሉ ለመክሰስ ካወጣችሁት ግን ነገ በናንተም ይመዘዛል።

ከሁሉ ስራው ሚበዛው ካርዱ ላይ ነው፣ እዚህ ጋ ነው ሰባቷ ድምፅ ያለችው። 18 አመት የሞላው፣ በምርጫ ክልሉ 6 ወር የኖረ መመዝገብ ይችላል። መታወቂያው ያለፈበት ስንት ሰው አለ መሰላችሁ፣ ቀበሌ ሄዶ ማሳደስ ደግሞ ቀን ሚበላ ነገር ነው፣ "አብረን እንሂድ" ካላላችሁት አይሄድም። ምዝገባው ያለቀ ቀን ደርሶ መሯሯጥ የለም፣ በመጀመሪያው ሳምንት አስጨርሱ። ያወጣው ካርዱን የት እንዳስቀመጠው ራሱ ጠይቁ፣ እናቴ ስንቱን ወረቀት ስኳር ጣሳ ውስጥ ከትታ ረስታዋለች።

ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያሉት 4 ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው፣ ቅስቀሳ የለም፣ ወረቀታችሁንም አፋችሁንም ሰብስቡ። ለሰው የታክሲ ብር አትስጡ፣ ድምፅ ገዙ ያስብላችኋል። ድምፅ መስጠት ጠዋት 12 ሰዓት ነው ሚጀመረው፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ሰልፉ እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ፣ በስንቱ ቦታ እስከ ማታ 3 ሰዓት ተራዝሞ ነበር። አቅመ ደካማና ነፍሰጡር ቅድሚያ አላቸው፣ ግን ጠይቆ ሚያስገባላቸው ሰው ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ለእማማዎቹ ዱካ ይዛችሁላቸው ሂዱ፣ ጥላም፣ ዝናብ አለ። ሲቆጠር ውጤቱ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል፣ ሳይነሳ ፎቶ አንሱት።