የተቀናበረ ምስል ግሩፕ ውስጥ ሲለቀቅ አስተዳዳሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎንደር የሰፈር ልጆች፣ የአንድ ዓመት ምሩቃን፣ የዕድርና የጽዋ ማኅበር አባላት የየራሳቸው የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። ግሩፖቹን የሚያስተዳድሩት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ግሩፑን ቀድመው በመክፈታቸው ብቻ ኃላፊነቱ የወደቀባቸው ናቸው፤ ደንብ ቢኖራቸውም ስለ ፖለቲካ ክርክርና ስለ ማስታወቂያ እንጂ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለተቀናበረ የሰው ገጽታ የሚናገር አይደለም። እንዲህ ያለ ምስል ድንገት ሲለቀቅ የሚፈጸሙት ስህተቶች ብዙዎቹ ክፋት የሌለባቸው ቢሆኑም፣ የሚያደርሱት ጉዳት ምስሉን የሠራው ሰው ካደረሰው የማይተናነስበት ጊዜ አለ።

ምስሉ እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ በሚል ክርክር መጀመር

ይህ ከሁሉም የከፋው ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። አንዲት ወጣት ራቁቷን የምትታይበት ምስል ሲመጣ አባላቱ ጣቶቿን መቁጠር፣ የጆሮ ጌጧን ማነጻጸር፣ ጥላው የወደቀበትን አቅጣጫ መመርመር ይጀምራሉ፤ አስተዳዳሪውም ውሳኔውን ለዚህ ምርመራ ይተወዋል። ምርመራው ግን አያስተማምንም። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ጣት ሲያዛንፉ የሚታዩት እየቀነሰ ሄዷል፤ እንደ ጉግል ሌንስ ያለ የምስል ፍለጋም የሚያገኘው ከዚህ ቀደም ኢንተርኔት ላይ የወጣን ምስል እንጂ ትናንት ማታ የተሠራን አይደለም። ከዚህም በላይ የምርመራው ውጤት ውሳኔውን አይለውጠውም፤ ምስሉ እውነተኛ ከሆነ ገመናዋ ያለ ፈቃዷ ወጥቷል፣ ሐሰተኛ ከሆነም ገጽታዋ ያለ ፈቃዷ ለማታውቀው ነገር ውሏል፣ በሁለቱም ሁኔታ መነሳት አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «የምትታየው ሰው ይህ እዚህ እንዲወጣ ፈቅዳለች?» የሚለው ነው፤ መልሱ ካልታወቀ ምስሉ ወርዶ ይጠየቃል። በስህተት የወረደ ፎቶ በዚያው ቀን ሊመለስ ይችላል፤ በየስልኩ የተላለፈውን ግን የሚሰበስበው የለም።

ከዚህ ስህተት የሚወለደው ሌላው ጥፋት ተጎጂዋን «ኦሪጅናሉን አምጪና ሐሰት መሆኑን አሳዪ» ማለት ነው። ይህን የሚጠይቅ አስተዳዳሪ የማስረዳቱን ሸክም በተበደለችው ላይ ከመጫኑም ሌላ፣ የግል ፎቶዎቿን ከፍታ ለማታውቃቸው ሰዎች እንድታሳይ ያስገድዳታል።

በአደባባይ የተነሳን ፎቶ ባለቤት እንደሌለው መቁጠር

ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱና በማግስቱ በበዓሉ፣ ሹሩባ ተሠርተው ጥልፍ ቀሚስ የለበሱ ልጃገረዶች በብዙ ካሜራ ይነሳሉ። ከእነዚህ ፎቶዎች አንዱ ፊቱ ተቆርጦ በሌላ ገላ ላይ ሲለጠፍ «አደባባይ ወጥታ አይደል የተነሳችው?» የሚል ሙግት ይሰማል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በአንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር በአደባባይ የተፈጸመን ነገርና ሕዝብን የሚመለከትን ሥነ ሥርዓት ይጨምራል። በእኔ አረዳድ ይህ ልዩ ሁኔታ የሚሸፍነው በበዓሉ ላይ የሆነውን ነው፤ በፋሲለደስ ያልሆነውን፣ አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የፈጠረውን ሊሸፍን አይችልም።

የፎቶ ቤቶች ጉዳይም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሙሽራዋ የፈቀደችው ለአልበሟ ነው፤ ፎቶው ተቀናብሮ ቲክቶክ ላይ ማስታወቂያ እንዲሆን በድጋሚ ልትጠየቅ ይገባል። (ወገቧ እንዲቀጥንላት ራሷ ጠይቃ ከሆነ ግን ማንም የሚያገባው አይመስለኝም።)

«ቀልድ ነው» ብሎ ማለፍ

የጓደኛን ፎቶ አዛብቶ ስቲከር መሥራት የተለመደ ነው፤ ባለቤቱ አብሮ ሲስቅም ችግር የለውም። ችግሩ አስተዳዳሪው መልእክቱን ሲያጠፋ ስቲከሩ የጠፋ እየመሰለው መዘንጋቱ ነው። ስቲከሩ የሚኖረው በተሠራበት የስቲከር ስብስብ (ፓክ) ውስጥ ስለሆነ፣ የሠራው ሰው ከዚያ እንዲሰርዘው ካልተደረገ በሌላ ግሩፕ ብቅ ይላል።

አስተዳዳሪዎች ለምክክር ምስሉን መላላክ

ሦስት አስተዳዳሪዎች ለመወሰን ሲሉ ምስሉን ሲቀባበሉ ሦስት ተጨማሪ ስልክ ላይ ይቀመጣል። ምስሉ የተላለፈበትን ሊንክ መላክ ወይም በቃል መግለጽ ይበቃል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ወሲባዊ ምስል ከሆነ ነገሩ ከጨዋነት ያልፋል፤ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 እንዲህ ያለውን ምስል ማሰራጨት ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትም ያስቀጣልና፣ «ለማስረጃ አስቀምጬዋለሁ» ማለት የሚያዋጣ አይደለም፤ ለፖሊስ ማመልከት እንጂ መቅዳት አይገባም።

ምስሉን ከነማስተባበያው እንደገና መለጠፍም ያው ነው፤ «ሐሰት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ቢታተምበትም ያላየው ሰው ያየዋል።

ለተጎጂዋ ሳይነግሩ ለወንድሟ መንገር፣ ሽማግሌ እስኪቀመጥም ማቆየት

በአካባቢያችን ክፉ ዜና ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርም፤ ቤተሰብ ይጠራል፣ ታላላቆች ይማከራሉ። ልማዱ ለመርዶ ደግ ሊሆን ይችላል፣ ለዚህ ጉዳይ ግን አይሆንም። ለወንድሟ ወይም ለአባቷ የተነገረው ወሬ እርሷ ለማን ልንገር ብላ የምትመርጥበትን መብት ይነጥቃታል፤ ወንድሟ ተናዶ ተጠርጣሪው ቤት ከሄደ ደግሞ በስልክ የተጀመረው በደል በዱላ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ሊነገራት የሚገባው ለራሷ፣ ለብቻዋ፣ ቢቻል በሴት አስተዳዳሪ ወይም በቅርብ ጓደኛዋ አማካይነት ነው። ሽምግልናን በተመለከተም፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ቢታረቁ የሚጠላ የለም፤ ዳሩ ግን «ነገሩ በሽማግሌ ተይዟል» ተብሎ ምስሉ ሳይወርድ የሚሰነብት ከሆነ፣ ወይም ሽማግሌዎቹ ጉባኤውን «መጀመሪያ ለምን ተነሳሽ?» ብለው ከከፈቱት፣ ዕርቁ የሚጠቅመው በዳዩን ብቻ ነው።

ምንም ሳይመዘግቡ ማጥፋት

የተደናገጠ አስተዳዳሪ መልእክቱን ያጠፋል፣ ላኪውን ያስወጣል፣ በማግስቱ ማን እንደላከው የሚያስታውስ አይገኝም። ከማጥፋቱ በፊት የላኪውን መጠሪያ ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የመልእክቱን ሊንክ በጽሑፍ መያዝ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሳይመዘገብ ከጠፋም ቴሌግራም የአስተዳዳሪዎችን የቅርብ እርምጃዎች መዝገብ ለ48 ሰዓት ስለሚያቆይ የተሰረዘው መልእክት እዚያ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይቀራል። ይህን ሁሉ መመዝገብ የሚያስፈልገው የሰውን ክብር የሚያጎድፍ ምስል ማሰራጨት በተጠቀሰው አዋጅ አንቀጽ 13 ወንጀል ሆኖ በተበዳዩ አቤቱታ የሚያስከስስ ስለሆነ ነው። አቤቱታውን ማቅረብ አለማቅረብ የእርሷ ውሳኔ ነው፤ የአስተዳዳሪው ድርሻ ስትጠይቀው የሚሰጣት መረጃ ማኖር ነው።

ከግሩፑ ሲወርድ ነገሩ ያለቀ መምሰል

ምስሉ ወደ ሌላ መድረክ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል። ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው ስቶፕ ኤንሲአይአይ፣ ከ18 በታች ለሆኑ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው ቴክ ኢት ዳውን የተባለው ነጻ አገልግሎት አለ። ሁለቱም ምስሉን ከስልኩ ሳያስወጡ ዲጂታል አሻራውን (ምስሉን ለመለየት ከራሱ ከምስሉ የሚወጣ ኮድ) ብቻ ወስደው፣ ከአሠራሩ ጋር ለተስማሙ እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላሉ መድረኮች ይሰጣሉ፤ መድረኮቹም ያንኑ ምስል ሲያገኙት ሊያግዱት ይችላሉ። አሻራው የሚሠራው ከምስሉ ራሱ በመሆኑ፣ ተጎጂዋ በድንጋጤ ምስሉን ከስልኳ ከማጥፋቷ በፊት ይህ መንገድ እንዳለ ሊነገራት ይገባል።