ሴንጢ ስትገዙ ስለቱን ሳይሆን ማጠፊያውን ፈትኑ

አመልካች ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ የሳንቃበር ነው። ያኔ ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጡ እንግዶች ምግብ አብሳይ ነበርኩ። የላምባ ጀሪካን ክዳን አልከፈት ቢለኝ በሴንጢ ጫፍ ወጋሁት። ሴንጢው መቆለፊያ የለውም። ታጠፈና ጣቴ ላይ አረፈ። እንግዶቹ ጣቴን ሲያስሩ ሽሮው አረረ።

አሁን ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጭነት ሳስር ነው የምውለው። ቀኑን ሙሉ ቃጫ ገመድ፣ ማዳበሪያና አሮጌ ከመነዳሪ እቆርጣለሁ። ሴንጢ ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም።

ሰው ሴንጢ ሲገዛ አውራ ጣቱን ስለቱ ላይ ያሳርፍና «ይሄማ ምላጭ ነው!» ይላል። አዲስ ሴንጢ ሁሉ ይቆርጣል። ደግሞ የደነዘ ስለት በሞረድ ይመለሳል። ማጠፊያው ከላላ ግን ወይ ብሎኑን ታጠብቃላችሁ ወይ ትጥሉታላችሁ። ብሎን ከሌለው፣ በሚስማር ተቀጥቅጦ የተያያዘ ከሆነ፣ ማጥበቅም የለም።

ስለዚህ ገና ሻጩ ፊት ቆማችሁ ክፈቱት። የስለቱን ጫፍ ያዙና ወደ ግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ላይ ወደ ታች ወዝውዙት። አዲሱ ከተወዛወዘ በወሩ ምን እንደሚሆን አስቡት። ቀጥሎ እጠፉትና ከላይ ተመልከቱ። ስለቱ መሐል ላይ ካልተኛና እጀታውን ከነካ፣ በተከፈተ ቁጥር ይፋቃል። መቆለፊያ ካለው እጀታውን ከሁለቱ ጎኖች ብቻ ይዛችሁ ደንደሱን እንጨት ላይ ቀስ ብላችሁ ኳ ኳ አድርጉ። ስለቱ በሚታጠፍበት በኩል ጣት አይኑር፤ እኔን ያየ ይቀጣ። ከታጠፈ መልሱለት። ሻጩ ይቆጣ ይሆናል፣ ይቆጣ።

መቆለፊያው ብዙ ዓይነት ነው። የፈረንሳዩ ኦፒኔል ሴንጢ ከ1890 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቢሠራም፣ ስለቱን የምትቆልፈው ቀለበት የመጣችው በ1955 ነው። ከዚያ በፊት እንደኔው ጣት ቆራጭ ሴንጢ መቆለፊያ አልነበረውም። ቀለበቷ ቀላል ናት፤ ታዞራላችሁ፣ አለቀ። ገበያችን ላይ የሚበዙት ደግሞ እጀታቸው ውስጥ ያለ ስስ ብረት ተገፍቶ ስለቱን ከሥር የሚደግፍላቸው ናቸው። የአሁኑ ሴንጢዬም ከዚህ ዓይነት ነው፤ ከመነዳሪ ስቆርጥበት ከርሞ ብሎኑ ላላ፣ ስሱ ብረትም መያዝ ተወ። ብዙዎቹ ቀይ የስዊስ ቪክቶሪኖክሶች በሞላ ብቻ ነው የሚቆሙት። ለመቁረጥ ይበቃል። መውጋት ግን አይታሰብም።

ስለትን ማወዳደር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ሁለቱንም በአንድ ሞረድ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው እጅ ሳሉ። አንዱን ፋብሪካ፣ ሌላውን እናንተ ከሳላችሁት የምታወዳድሩት የሳላቸውን እጅ ነው። ከዚያ ከአንድ ጥቅል ቃጫ ገመድ አሥር ጊዜ በአንዱ፣ አሥር ጊዜ በሌላው፣ እያፈራረቃችሁ እስከ ሃምሳ ሃምሳ ቁረጡ። ካላፈራረቃችሁ የእጃችሁ ድካም በሁለተኛው ይሳበባል። ቃጫ አቧራ ስለሚይዝ ስለት ይበላል፤ ለዚህ ነው የመረጥኩት። በየመሐሉ ጋዜጣ ቁረጡ። ወረቀቱን መቅደድ የጀመረው ቀድሞ ደንዝዟል።

ውጤቱን ስታዩ ግን ቶሎ አትፍረዱ። የቪክቶሪኖክስ ስለት ጥንካሬ በሮክዌል መለኪያ 56 አካባቢ ነው፣ ለስላሳ ከሚባሉት ወገን። ቶሎ ይደነዝዛል፣ ግን በጥቂት ሞረድ ይመለሳል። በጣም ጠንካራው ስለቱን አቆይቶ፣ አጥንት ወይም ሚስማር ሲነካ ይሸረፋል። ሞረድ ከኪሱ የማይለይ ሰው ለስላሳውን ቢይዝ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ከዝናብ ጋር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሐምሌን ጎንደር የከረመ ያውቀዋል። የማይዝገው ዓይነት ያልሆነው ኦፒኔል ሎሚ ወይም ሽንኩርት ሲነካው ይጠቁራል፤ ሳይጠረግ ካደረም ይዝጋል። የእንጨት እጀታው ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን አላወጣም ይላል። ያኔ በጥፍር አትታገሉ። ቀለበቷን ወደ መክፈቻው አዙሩና የእጀታውን ቂጥ ጠረጴዛ ላይ መታ አድርጉት፣ ስለቱ ብቅ ይላል።

ጭቃ ማጠፊያው ውስጥ ከገባ በሙቅ ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጉ። የምግብ ዘይት ሲቆይ ሙጫ ይሆናል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ሴንጢ መፈልቀቂያ አይደለም፤ ጫፉ የሚሰበረው በዚህ ነው። ለጥምቀት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ስትወርዱም ቤት ተዉት፣ ፍተሻ አለ።

የጀሪካን ክዳን? እሱን በፒንሳ ነው የምከፍተው።